የዴልሲን ኬክ ማን ይሸከመው

የእህቴን ልጅ ዴልሲን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ እንግሊዝ አገር ሄዳ እዚያው ቀረች። የሠርጓን ኬክ የጋገርኩትም እኔ ነኝ፤ ዘቢቡና ፕሪሙ ከገና ጀምሮ ሮም የሚሉት የሸንኮራ አረቄ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከርሟል። እስከ ሙሽራው ቤት በራሴ ላይ ተሸክሜ ላደርስላት ቃል ገብቼላታለሁ።

በሠርጉ ዋዜማ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች አለቃ እህት ኧርሚን ነጭ የለበሱ ሴቶቿን አስከትላ መጣች።

"ቬዳ፣ አንቺ አትሸከሚም" አለችኝ። "የሙሽራ ኬክ የሚሸከሙት ያገቡ ሴቶች ናቸው።"

"ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረው ሊንቫል ታዲያ ምኔ ነው? ተከራዬ?"

"ቀለበትሽ የታለ?"

"ቀለበትማ አንቺ አለሽ። የጠፋው ባልሽ ነው።"

ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ኧርሚን ፊቷን አጠቆረችና፣ "ፓስተሩ ደጅ ናቸው። ከፈለግሽ አሁኑኑ ያጋቧችሁ" አለች።

ሊንቫል ጓሮ የድግሱን ፍየል እየገፈፈ ነበር። "እኔ ምን ቸገረኝ፣ እጄን ልታጠብ" አለ ሞኙ።

"ፍየልህን ግፈፍ" አልኩት። ስንት ዓመት ለምኖኝ እምቢ ያልኩትን ሰውዬ ለኧርሚን ብዬ ላገባው ነው?

ኧርሚን ትልቁን ኬክ በነጭ ስስ ሻሽ ሸፍና ራሷ ላይ አወጣችው። ሌሎቹም አብሬ የጋገርኳቸውን ትናንሽ ኬኮች አንዳንድ ተሸከሙ። በልማዳችን ተሸካሚ መንገድ ላይ ትንፍሽ አትልም፤ የተናገረች ሸክሟን ባዶዋን ላለች ሴት ታስረክባለች። እኔ ግን ምንም አልተሸከምኩም። ጎን ለጎን ተከተልኳቸው።

"ያገቡ ሴቶች ሲያምሩ" አልኩ። "እህት ኢና፣ ባልሽ ትናንትም አረቄ ቤቱ በረንዳ ላይ አደረ አሉ። ብርድ እንዳይመታው ብርድ ልብስ ላኪለት እንጂ።"

ኢና ጥርሷን ነክሳ አለፈች።

"ያንቺስ እንዴት ነው ኧርሚንዬ? ሞንቴጎ ቤይ ከተማ ያለችው ሴትዮ ጥሩ አድርጋ ታበላዋለች ይባላል። ወፍሯል አሉ።"

ሻሹ ተንቀጠቀጠ።

"ለገናስ ካርድ ይልክልሻል? ወይስ እሱንም ትቶታል?"

"ዝም በይ፣ አንቺ ባለጌ" አለች ኧርሚን።

ሁሉም ቀጥ አሉ። ኢና መናገር ስለማትችል በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። ከእኔ በቀር ራሷ ባዶ የሆነ ሴት አልነበረችም።

"ለዚች?" አለች ኧርሚን።

"ለማን ልትሰጪው ነው ታዲያ? ለአጥሩ?" አልኩና ተቀበልኳት።

ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን በሙሉ ጆሮዬ ሥር ሆና ዘለዘለችኝ። ስለ ሊንቫል፣ ስለ እርጅናዬ፣ ስለ ሟች እናቴ ሳይቀር። ለያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ከንፈሬን ነክሼ ሄድኩ።

ዴልሲ ሙሽራው ቤት ደጃፍ ከኮኮናት ቅጠሉ ዳስ ሥር ቆማ ትጠብቅ ነበር። "አክስቴ፣ ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?" አለችኝ።

ዝም ብዬ ጎንበስ አልኩላት። ኬኩን ከራሴ ላይ በሁለት እጇ አንስታ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ ወደ ኧርሚን ዞርኩና መልሱን ከእናቴ ጀመርኩ።