የወናፍ ትንፋሽ

ኬሚስቱ ሦስት ዓመት የደከመው በአንዲት ቢጫ ዱቄት ላይ ነበር። ብርሃን ሲያርፍባት፣ ምድርን የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሜታኖል ወደሚባለው የፋብሪካ አልኮል ትለውጣለች የሚል ተስፋ ተጥሎባታል። ያን ዕለት ረፋድ የላቦራቶሪውን ዕጣ ሊወስኑ የመጡት ገምጋሚ ይህን በዓይናቸው ካላዩ፣ ላቦራቶሪው የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ ይሆናል።

ገምጋሚው መነጽራቸውን ጠርገው እንደተቀመጡ የጋዙ ሲሊንደር ባዶ ሆኖ ተገኘ።

«ማዘዣውን ፈርሜያለሁ» አለች የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ። «ፈርሜ መላክም እንዳለብኝ ማን ነገረኝ?»

የላቦራቶሪውን የመስታወት ዕቃ እየነፋ የሚሠራው ባለቤቷ ጉሮሮውን ጠረገ። በደረቱ ስፋት የተነሣ «ወናፍ» ይሉታል። «የቸገራችሁ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው? ዕድሜ ልኬን በነጻ ስተነፍሰው የኖርኩት ታዲያ ምንድን ነው?»

ኬሚስቱ አማራጭ አልነበረውም። ወናፍ ዱቄቷ ወዳለችበት ዕቃ የሚገባውን ቱቦ ጎርሶ ዓይኑ እስኪፈጥ ነፋ፤ መብራቱ በራ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከዕቃው የሚወጣውን የሚመረምረው መለኪያ በወረቀት ላይ ተራራ የመሰለ መስመር ሣለ።

«አልኮል!» አሉ ገምጋሚው ብድግ ብለው። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ዶክተር!»

ኬሚስቱ መስመሩ ያረፈበትን ቦታ ጠጋ ብሎ አየ። ዝም ቢል ክፍሉ ይተርፍለታል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልኮልስ አልኮል ነው፣ ሜታኖል ግን አይደለም። ይህ የሚጠጣው ነው።» መብራቱን አጥፍቶ ወናፍን ዳግመኛ አስነፋው። ያለ ብርሃንም ያው ተራራ ንቅንቅ ሳይል ተሣለ።

ኃላፊዋ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ሰውዬ! መጠጥ እርም ብለህ አልነበረም?»

«ይሄ መሣሪያ ያሳብቃል እንዴ?» አለ ወናፍ ወደ በሩ እያፈገፈገ። «ሳይንስ እንዲህ ነገር አመላላሽ መሆኑን ባውቅ አፌን እከፍት ነበር?»

«ቤት እንገናኛለን! ቱቦውን ወዲህ በሉት!»

ዕቃው ታጥቦ ሲያበቃ፣ ንዴቷን ሁሉ በቱቦው ለቀቀችው። መብራቱ ሲበራ መለኪያው ጥፍር የምታህል መስመር ሣለ፤ ሜታኖል። ሲጠፋ ምንም።

«ትንሽ ናት» አሉ ገምጋሚው።

«ትንሽ ናት፤ ግን ማንም አልጠጣትም» አለ ኬሚስቱ።

ገምጋሚው ፈረሙ። ለላቦራቶሪው አንድ ዓመት ተጨመረለት። ሲሊንደሩ የደረሰው በአምስተኛው ወር ነው፤ እስከዚያ ድረስ የነፋችው ኃላፊዋ ናት።