መዝሙር ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት

ጋሽ ቶሎሳ ናይሮቢ ባለው የስደተኞች ጸሎት ቤት እሁድ ጠዋት መድረክ ላይ ቆመው፣ «ከአገር ቤት አንድ ወንድም እነዚህ መዝሙሮች ይዘመሩልኝ ብሏል» ባሉ ቁጥር፣ ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው የውብዳር ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ታፍናለች። ያ ወንድም አንድም መዝሙር አያውቅም። አስቻለው ይባላል፣ አዲስ አበባ የሒሳብ መምህር ነው፤ የሚልከውም ቁጥር የሞገድ ከፍታ ነው።

እሱና የውብዳር ዩኒቨርሲቲ አብረው ሲያስተምሩ አንድ ጥያቄ ያዛቸው። ሁሉም ሞገድ ጨዋ አይደለም፤ በራሱ ላይ የሚሠራ፣ አንድ ሲደመር አንድ ሁለት የማይሆንለት ሞገድ አለ። በእንዲህ ያለው ላይ ሁለት ጉብታዎች ከግራና ከቀኝ መጥተው ቢገናኙ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ምን ይሆናሉ? የውብዳር «ተላልፈው መልካቸውን ይዘው ይወጣሉ» አለች። አስቻለው «ተበትነው ይቀራሉ» አለ። ኮምፒዩተር የሚያስነካቸው ስላልነበረ ትልቅ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አሰመሩና ግራውን እሱ፣ ቀኙን እሷ፣ እርምጃ በእርምጃ በእጅ ያሰሉ ጀመር። ፍቅርም በዚያው ገባ። የሚጣሉበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ተደብቆ የእሷን ቁጥር መልሶ ያሰላል፣ እሷ ደግሞ ይህን እንደ ንቀት ትቆጥረዋለች።

ደርግ ወንድሟን ከወሰደ በኋላ የውብዳር በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ወጣች። ከመለያየታቸው በፊት ወረቀቱን ከመሃል ተካፈሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከሌላው ወገን ለመቁረጫው ድንበር የሚቀርበውን አሥር ዓምድ ገለበጡ። ጎረቤቱ ያልታወቀ ቁጥር አይሰላምና በየእርምጃው ከተገለበጠው አንድ ዓምድ ይበላል። ከአሥር እርምጃ በኋላ ደብዳቤ ካልደረሰ የራስ ወረቀት ከዳሩ መበላት ይጀምራል።

«ተላልፈው ከወጡ ሁሉን ጥዬ ናይሮቢ እመጣለሁ» አላት አስቻለው። «ከተበተኑ ግን አትጠብቂኝ፤ እናቴን ትቼ መውጣት አልችልም።» መወሰን ያቃተው ሰው ዕጣውን ለሞገድ ሰጠ። እሷም በተራዋ አስማለችው። «የምልክልህን ቁጥር መልሰህ እንዳታሰላ!»

«መልሼ ባሰላ እናቴ ትሙት» አለ።

ቁጥር ብቻ የሞላው ደብዳቤ ኬላ ላይ ቢያዝ ሰው ያስበላል። ስለዚህ የመዝሙር ቁጥር አስመሰሉት፤ የአሁኑ እርምጃ አሥር ቁጥሮች «ለእሁድ ጠዋት»፣ የቀድሞው አሥር «ለረቡዕ ጸሎት»። በዚያ ዘመን መዝሙርም ያሳስር ነበር፣ ግን ከስለላ ይሻላል። የሞያሌዋ ነጋዴ ኩለሱም ደብዳቤውን በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ናይሮቢ፣ ሱቋ ካለበት ኢስሊ ሰፈር ታደርሰዋለች። የምእመናኑን ደብዳቤ ሁሉ ተቀብለው፣ በላብ የደበዘዘውን እየገለበጡ የሚያድሉት ደግሞ የመዘምራኑ መሪ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። አራት ዓመት እንዲህ ሄደ።

በ1977 ክረምት የመጣው ደብዳቤ ሁሉን የሚወስነው ነበር፤ ጉብታዎቹ ድንበሩ ላይ ሊገናኙ ነው። የውብዳር ከምታስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት እየተመለሰች፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ባለችው ክፍሏ አሰላች። ስድስተኛው እርምጃ ላይ ቁጥሮቹ አበዱ። ስምንተኛው ላይ ሞገዱ እንደ ተጣደ ወተት ገነፈለ። ሦስት ጊዜ ደጋገመችው፤ ስሌቷ ላይ ስህተት የለም። ወረቀቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ከዚሁ ስሌት የወጡትን የራሷን ዳር ቁጥሮች ጻፈችና ከሥር አንድ መስመር ጨመረች፤ «እንዳልከው ሆነ። ከእናትህ ጋር ሁን።» ለኩለሱም ሰጠቻት።

በሳምንቱ እሁድ፣ ሰው ሲበተን ጋሽ ቶሎሳ ጠጋ አሏት።

«እህት የውብዳር፣ ያ ወንድም መዝሙሩ ጠፍቶታል መሰለኝ። ጸልዪለት።»

«እንዴት ጋሽ ቶሎሳ?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል! የመዝሙር ደብተራችን ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ላይ ያልቃል። እንዲህ ያለ አምስት አገኘሁ። ወረቀቱም በላብ ርሶ ነበር፤ እንዳያፍር ብዬ አስተካክዬ ገለበጥኩልሽ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለትን መቶ ሠላሳ ሁለት አደረግኩት፤ ጥሩ መዝሙር ነው።»

የውብዳር ነገሩ ገባት። እስከዚያ ጉብታው ሩቅ ስለነበር ዳር ላይ ያለ ቁጥር ከሁለት መቶ ስልሳ ሦስት አልፎ አያውቅም። ደህንነት ያልነቃበትን የዋሁ ሰውዬ ነቃበት።

«ዋናውስ?»

«ይኸው፣ ደብተሬ ውስጥ። የአገር ቤት ወረቀት ይጣላል እንዴ?»

ነጥቃቸው ወጣች። በማታቱ ታክሲ ኢስሊ ደረሰች፤ የኩለሱም ሱቅ ተዘግቷል። ዘበኛው ራሱን ነቀነቀ። «ፖሌ ማማ፣ አዝናለሁ። አርብ ሄዳለች። ሎሪው እስካሁን ሞያሌ ደርሷል። የምትመለሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ የውብዳር ግን የምትለቅመው አልነበራትም።

ሳምንቱን ሙሉ በትክክለኛው ቁጥር አሰላች። ጉብታዎቹ ተገናኙ፤ ለሦስት እርምጃ የማን የትኛው እንደሆነ አልለይ አለ። ከዚያ ተላቀቁ። ከአስቻለው ወገን የመጣው ጉብታ ድንበሩን ተሻግሮ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ወደ እሷ ወረቀት ገባ። ባይገናኙ ኖሮ ከሚደርስበት ቦታ ጥቂት ፈቀቅ ብሏል፤ የመገናኘታቸው ምልክት ይህ ብቻ ነው። ጣቷን አስቀመጠችበት። ናፈቃት፤ አንገቱ፣ ጠመኔ የነካው ኮቱ፣ ተደብቆ ሲያሰላ ስትይዘው የሚስቀው ሳቅ ናፈቃት። አሁን እሱ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ፣ የእሷን የተሳሳተ ቁጥር አምኖ፣ ይኸው ሞገድ ሲበተን ሊያይ ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ ቶሎሳ፣ ምን እንዳጠፉ በውል ባይገባቸውም ፊቷን አይተው ነበርና፣ ቁጥሩን እንደተጻፈው ጠሩት። «መዝሙር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።» ሰው ደብተሩን አገላበጠ። «የለንም» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ወንድማችን ግን ጠይቋል። አንድ መዝሙር በሚያልቅበት ያህል ዝም ብለን እንቁምለት።»

ጉባኤው ቆመ። የውብዳር ዓይኗን ጨፈነች። አስቻለው ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፤ የወደደችውም በዚህ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን፣ መሐላውን አፍርሶ፣ እንደ ድሮው ተደብቆ፣ ቁጥሯን አንዴ ብቻ መልሶ እንዲያሰላው እግዚአብሔርን ለመነች።