ሦስት ጣት ክፍተት

የዛፏ የመጀመሪያ ጠባቂ ዮሄይ ነበር። የዝግባ ግንድ ጠርቦ ባላ ያበጀላት፣ በባላውና በቅርንጫፉ መካከልም ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ በዘንባባ ቃጫ የሞላው እርሱ ነው። ባላ የሚቆመው ሊቀበል እንጂ ሊያነሣ አይደለም ብሎ የደነገገውም እርሱ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ልጁ ጌንኪቺ መጣ፤ ከግንዷ ዙሪያ ስምንት እርምጃ ድረስ የሰው እግር እንዳይደርስ ገመድ ዘረጋ፤ የገዛ ሚስቱ ገመዱን ተሻግራ የረገፈ አበባ ብትለቅም ሦስት ቀን አላነጋገራትም ይባላል። ከዚያ ሾሳኩ፤ ቅርንጫፍ በዐይን ሳይሆን በመዳፍ ይመረመራል፣ ያውም ሸክም በያዘበት ቀን፣ እያለ ያስተማረ ሰው ነው። የሾሳኩ ልጅ ደግሞ ቴይዞ ነው። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። አንተስ ምን ደነገግህ ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው አልነበረውም፤ ባለፈው መፀው ጠባቂነቱን በገዛ እጁ ጥሎ ወጥቷልና።

ከካጌሳዋ ከተማ ጫፍ፣ ከሩዝ እርሻዎቹ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የቆመችውን ያችን አሮጌ የቼሪ ዛፍ የአገሩ ሰው «ባልቴቷ» ይላታል። ዓመቱን ሙሉ ጸጥ የምትለው ከተማ በሚያዝያ ወር ዐሥር ቀን ብቻ በአውቶቡስ ትጨናነቃለች። ማዘጋጃ ቤቱ የጎብኚዎቹን ጉዳይ ለናጎሺ ሹንታ ሰጠ። ሹንታ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትሑትና ፈጣን፣ ከደረት ኪሱም ሁለት እስክሪብቶ የማይለየው ሰው ነው። እርሱም የባልቴቷን ደቡባዊ ክንድ፣ ትልቁን ቅርንጫፏን፣ ተሸክመው የኖሩትን አምስት የእንጨት ባላዎች አስነቅሎ፣ እንደ መኪና ክሪክ እየተጠመዘዙ ከፍና ዝቅ የሚሉ ሁለት የብረት ምሰሶዎች አስተከለ። ክንዷንም አንድ ስንዝር ያህል ወደ ላይ አስነሣ፤ ጎብኚው ሳያጎነብስ ከሥሯ እንዲያልፍ፣ ፎቶግራፉም በግንድ ብዛት እንዳይበላሽ። ቴይዞ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ተቃወመ። በአክብሮት አደመጡት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደሚቀጥለው አጀንዳም አለፉ። እርሱም የአባቱን የገመድ ጥቅል ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያች ዕለት ወዲህ ኮረብታውን አልረገጠም።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ንጋት ግን፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረው ዝናብ በድንገት ድምፁን አጠፋ። ቴይዞ መስኮቱን ሳይከፍት ምን እንደ ሆነ ዐወቀ። ዝናብ ሲያባራ ጠብታው ከጣራው ጠርዝ ይሰማል፤ አሁን ግን ምንም አይሰማም። በረዶ ነው፤ ያውም እርጥቡና ከባዱ። ባልቴቷ ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ሙሉ በሙሉ አብባለች።

የሾርባውን ሳሕን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። ባዶ ቅርንጫፍ በረዶን ያንሸራትታል፤ ያበበ ቅርንጫፍ ግን እያንዳንዷ አበባ እንደ ሲኒ ሆና ትቀበለዋለች። ስንት ሺህ ሲኒ ነው? ደግሞስ ምን አገባው? ዛፏ የማዘጋጃ ቤቱ ናት፤ ብረቱም የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ይህን ለራሱ ሁለት ጊዜ ነገረው። በሦስተኛው ጊዜ ጫማውን አድርጎ፣ ረጅሙን የቀርከሃ ዘንግ ይዞ ከቤት ወጥቶ ነበር።

ከኮረብታው ሥር የሩዝ እንክብል የምትሸጠው ፉሚኮ እሳቷን ታራግባለች። እኩያው ናት፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ምላሷን ፈርቷት ኖሯል።

«ውይ፣ አንተ ቴይዞ! አለህ እንዴ? እኔ እኮ ኩርፊያው የገደለህ መስሎኝ ነበር።»

«አላኮረፍኩም።»

«አዎ፣ አላኮረፍክም። ስድስት ወር ሙሉ በጓሮ መንገድ ስትዞር እግርህን ልታፍታታ ነዋ!»

«በረዶው ከጀመረ ምን ያህል ሆነው?»

«እሳት ሳያይዝልኝ ገና ጀምሯል።» ቀና ብላ አየችውና ማራገቧን አቆመች። «ምነው ፊትህ እንዲህ አመድ መሰለ?»

ቴይዞ ሽቅብ ወጣ።

ባልቴቷ ነጭ በነጭ ሆና ጠበቀችው። ስድስት ወር ያላያት ሰው የሚያፍረውን ያህል አፈረ፤ ሆኖም ለኀፍረት ጊዜ አልነበረም። በዘንጉ ከታች ካሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጀምሮ በረዶውን በቀስታ ያራግፍ ጀመር። ዘንጉ ከደረሰበት ይልቅ ያልደረሰበት ይበዛል። ከዚያ ወደ ውጪኛው የብረት ምሰሶ ተጠግቶ ጓንቱን አወለቀና መዳፉን ከክንዷ ላይ አሳረፈ። ብረቱ በነካት ቦታ ክንዷ እንደ ታጠፈ ክርን ጎብጣለች። ከቅርፊቱ ውስጥ አንዲት ቀጭን መንቀጥቀጥ መጣች፤ ጠፋች፤ ተመልሳም መጣች። በሰባ ስምንት ዓመት ዕድሜው እንዲህ ያለውን ነገር በመዳፉ የሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ አባቱ ቅርንጫፉ ሳይወድቅበት ከኋላ አንገትጌውን ይዞ ጎትቶ አወጣው።

«አባባ ቴይዞ! እንኳን መጡልን!» ሹንታ የበዓሉን ሰማያዊ ካፖርት ለብሶ፣ የእጅ ድምፅ ማጉያውን አንግቶ እየሮጠ ደረሰ። ፊቱ ያበራል። «አበባና በረዶ ባንድ ቀን! እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ ያውቃል? ስልኬ እኮ አላርፍ አለ፤ ሰው ሁሉ “እንምጣ ወይ” ነው የሚለው።»

«መተላለፊያውን ዝጋ።»

«እ?»

«ከሥሯ ሰው እንዳያልፍ። አሁኑኑ።»

«ውይ አባባ፣ ብረቱ እኮ አራት ቶን ይችላል። ወረቀቱ ቢሮ አለ፣ ላሳይዎት እችላለሁ።»

«ብረቱ እንደማይሰበር አውቃለሁ። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። እንጨቱ ቢሆን አብሯት ዝቅ ይል ነበር። ይሄ ንቅንቅ አልልም ብሎ ቆሟል፤ ከወዲህ ግንዱ ይዟታል፣ ከወዲያ በረዶው ይጎትታታል። መሐል ላይ ምን የምትሆን ይመስልሃል?»

«መሐንዲሱ አስልቶታል።»

«መሐንዲሱ ያሰላው በመስከረም ነው። ጓንትህን አውልቅና እጅህን እዚህ አሳርፍ።»

ሹንታ ወደ ቅርንጫፉ አየ፤ ወደ ሰዓቱም አየ። ከታች ከሩዝ እርሻዎቹ መካከል የመጀመሪያው አውቶቡስ መብራቱን አብርቶ ይመጣል፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

«ዐሥራ አንድ አውቶቡስ ነው፣ አባባ። ከዐምና ጀምሮ ቦታ የያዙ ሰዎች ናቸው። ከንቲባውም በአራት ሰዓት ንግግር ያደርጋሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በአክብሮት ልንገርዎት፤ ጠባቂነቱን የተዉት እርስዎ ነዎት። እኔ አላባረርኩዎትም።»

ይህን ብሎ እንግዶቹን ሊቀበል ወረደ። የተናገረው እውነት ነበር። ቴይዞ ጠባቂነቱን ባይተው ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ በየዝናቡ መዳፉን ያሳርፍ ነበር። ባይተው ኖሮ ዛሬ «ዝጋ» ሲል ይዘጋ ነበር። አሁን ግን የሚያዘው ሰው የለም፤ የሚዘረጋው ገመድም የማዘጋጃ ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ከእጁ አጠገብ ቅርንጫፏ «ጢቅ» አለች፤ ጥፍር የሚያህል ድምፅ።

ቁልቁል እየተንሸራተተ ወደ ፉሚኮ ተመለሰ።

«ሰሌኖችሽን አውሺኝ።»

«ስንት?»

«ያለሽን ሁሉ። ቀለምና ብሩሽም፣ ወረቀትም።»

«ምን ልትደግስ ነው ደግሞ?» አለች። ስድስት የጭድ ሰሌን ጠቅልላ ግማሹን ራሷ ተሸከመች። «ሂድ፣ ሂድ ከፊቴ። ወገቤ ቢሰበር የምታሽልኝ አንተ ነህ።»

ሰሌኖቹን ከደቡባዊው ክንድ ሥር፣ መተላለፊያው ከሚጀምርበት እስከሚያልቅበት በዘንጉ እየገፋ ጫፍ ለጫፍ ዘረጋቸው፤ ፉሚኮ ገብታ ልታስተካክል ብትል ተቆጥቶ መለሳት። በየሰሌኑም ገና ከመገፋቱ በፊት ስም የተጻፈበት ወረቀት በድንጋይ ተጭኖ ተቀምጦ ነበር። አበባ ሥር ሰሌን ተነጥፎ፣ ስም ተጽፎበት፣ ባለቤቱ ግማሽ ቀን ቢዘገይ እንኳ የሚረግጠው ሰው በዚህ አገር አልተወለደም። ቴይዞ ግን ዋሽቶ አያውቅም፤ የፈጠራ ስም መጻፍ አልሆንልህ አለው። ስለዚህ ዮሄይ ብሎ ጻፈ፤ ጌንኪቺ ብሎ ጻፈ፤ ሾሳኩ ብሎ ጻፈ፤ ሰሌን ሲተርፍም እንደገና ከዮሄይ ጀመረ።

እንግዶቹ ደረሱ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ፤ አንዳንዶቹም አለቀሱ። ከዚያ ሁሉም ወደ መተላለፊያው ተመመ፤ ከሰሌኖቹም ጠርዝ ሲደርስ ቆመ። አንዲት ሴት አሮጊት እናቷን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ እስከ ጫፉ ቀረበች።

«ይቅርታ፣ ተይዟል እንዴ?»

«ተይዟል» አለ ቴይዞ።

አሮጊቷ አንገቷን አስግጋ ወረቀቶቹን አነበበች። «ዮሄይ፣ ጌንኪቺ፣ ሾሳኩ… ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ከሁላችንም ቀድመው መጥተዋል፣ እመቤት።»

አሮጊቷ ፊቱን አየችው። «መልሺኝ፣ ልጄ» አለች ለሴቲቱ። «ከሩቅ ይሻላል።»

በረዶው አልቆመም። ቴይዞ የሚያየው አበባውን አልነበረም፤ የእያንዳንዱን ሰው እግር ነበር። አንድ ሰውዬ ፎቶ ለማንሣት ወደ ኋላ ኋላ ሲል ተረከዙ ሰሌኑን ሊነካ ጥቂት ቀረው፤ ሰውዬው ዞር ብሎ አየና እየሰገደ ይቅርታ ጠየቀ። ሰሌን ስንት ሰው ያቆማል? እስከ መቼስ ያቆማል?

«አባባ!» ሹንታ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ፤ ማብራቱ ከፊቱ ጠፍቷል። «ይሄ ምንድን ነው? ዘንድሮ ሰሌን መዘርጋት ክልክል ነው! ሰሌዳው ላይ ተጽፏል!»

«አንብቤዋለሁ።»

«ከንቲባው እዚህ ጋ ቆመው ነው የሚናገሩት! ሰው ሁሉ ቆሞ እኔን ነው የሚያየው። ኧረ ምን በደልኩዎት? በጥቅምት የተናደዱትን ዛሬ ነው የሚወጡብኝ?»

«ሹንታ፣ እለምንሃለሁ። አትግባ።»

ቴይዞ በሕይወቱ ይህን ቃል ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሹንታም ለአንድ አፍታ አመነታ። ከታች የከንቲባው መኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። «በቃ፣ እኔው አነሣዋለሁ» አለና ወደ መጀመሪያው ሰሌን ተራመደ።

ተናዶ ነበር፤ ቸኩሎም ነበር። ሆኖም የዚህ አገር ልጅ ነውና ከሰሌኑ ጠርዝ ሲደርስ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎም የበረዶ ጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። አንዱን አወለቀ። የሁለተኛው ክር እርጥብ ስለ ነበር አልፈታ አለው።

ድምፁ እንደ መድፍ አልነበረም፤ ወፍራም ጨርቅ ሲተረተር የሚሰማውን ይመስል ነበር። የክንዷ ከውጪኛው ብረት ወዲያ ያለው ሲሶ ተገንጥሎ፣ አበባውንም በረዶውንም እንደ ያዘ በስድስቱም ሰሌኖች ላይ ወደቀ። የቅርንጫፉ ጫፍ የሹንታን ቆብ ከራሱ ላይ ገፎ ወሰደው። ከዚያ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ብቻ ሳታቋርጥ «እናቴ፣ እናቴ» ትል ነበር፤ እናቷ በወንበሯ ላይ ደህና ተቀምጣለች።

ሹንታ አንድ እግሩ በካልሲ እንዳለ እዚያው በረዶው ላይ ተቀምጦ ቀረ።

«ተነሥ» አለው ቴይዞ። «ተነሥ፣ ልጄ፤ ገና አላለቀም። ከግንዱ በኩል ያለው ብረት አሁንም እየገፋት ነው። መፍቻው የታለ?»

«ወገቤ ላይ… ወገቤ ላይ አለ።»

«እንግዲያው በግንዱ ወገን ቁም። ሕዝቡን ሃያ እርምጃ መልሺልኝ፣ ፉሚኮ!»

ፉሚኮ ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። ሹንታ መፍቻውን ከብሎኑ ጋር ለማገናኘት ሦስት ጊዜ ሳተ። ቴይዞ አንድ መዳፉን ከቅርፊቱ ላይ አሳርፎ ዐይኑን ጨፈነ።

«ግማሽ ዙር ወደ ታች። ቁም። ትተንፍስ… አሁን ግማሽ። ቁም አልኩህ! አዎ። አሁን ሩብ።»

እንዲህ እያሉ ብዙ ቆዩ። ቴይዞ ከመዳፉ ሥር ያ ቀጭን መንቀጥቀጥ እየራቀ ሲሄድ፣ በመጨረሻም ሲጠፋ ሰማ። በብረቱና በክንዷ መካከል ብርሃን ታየ። ሦስት ጣቱን አስገባ፤ ገባለት። የቀረችው ክንድ ትድን ይሆናል፤ ቁስሉ ሳይበሰብስ ከደረቀ፣ ክረምቱም ከራራላት። የወደቀው ግን የመቶ ዓመት ዕድገት ነበር፤ ቴይዞ ወደዚያ ለማየት ገና አልደፈረም።

ከንቲባው ንግግራቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ቆመዋል። ሕዝቡም ቆሟል። ሹንታ ጭቃ በነካ ካልሲው ወደ ፊት ወጣ፤ ድምፅ ማጉያውን አነሣ፤ ማዘጋጃ ቤቱ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለውን ማለት ጀመረ። «በእኛ በኩል በቂ ቅድመ ዝግጅት ባለመደረጉ ለተፈጠረው መጉላላት…»

አቋረጠ። ድምፅ ማጉያውን አወረደው። ወደ ቴይዞ ዞሮ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ራሱን እስከ ጉልበቱ ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። «መሐንዲሱ አይደለም፣ በረዶውም አይደለም። ነግረውኝ ነበር፤ እጅህን አሳርፍ ብለውኝ አላሳረፍኩም። ተሳስቻለሁ።»