ነጭ እሑድ በሐዘን ቤት

«ሳጥኑን ስምንት ሰው ነው የተሸከመው» አለ ኦቻላ ካርታውን እያደለ። «እኔ ከኋላ ነበርኩ። ቶሚ እኮ ላንድክሩዘር ውስጥ ሲገባ መኪናው ወደሱ ያዘነብላል።»

ድንኳኑ ውስጥ ዝቅ ያለ ሳቅ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ሳቁ ቆመ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቶሚ ሐሙስ ዕለት ኢታንግ አጠገብ የውሃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር ልቡ ቆሞ ሞተ፤ ዓርብ ተቀበረ። ኒውላንድ ሰፈር ወዳለው ቤቱ ለልቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ዓይኑን የሚያንከራትተው የሟችን ወገን ፍለጋ ነበር። ቶሚ ግን የሳሞአ ሰው ነው። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ደሴቶች ተነሥቶ ፑኝዶ ለስደተኞች ውሃ ሊያወጣ መጣ፣ የጤና ጣቢያዋን ነርስ እሙዬን አገባ፣ በዚያው ቀረ። በወገኑ ቦታ የተቀመጠው ከጎሬ የደረሰው የእሙዬ ታላቅ ወንድም፣ መምህር ረታ ነበር። «እግዜር ያጥናችሁ» ለሚለው ሁሉ አጸፋውን የሚመልሰው እሱ ነው።

አንዲት የሥጋ ወገን ግን ነበረችው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ሊና ከቤት ወጥታ አጎቷ አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ፣ ነገ የልጆች እሑድ ነው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የታማ አገር በዓል ነው።» አባቷን «ታማ» ነበር የምትለው። «ልጆች ነጭ እንለብስና አንድ በአንድ ቆመን ያጠናነውን እንላለን። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እዚህ ግን ታማ ግቢያችን ውስጥ ያደርገው ነበር። ከዚያ ትልልቆቹ ለኛ ያቀርባሉ። እኛ ሳንበላ እነሱ አይበሉም።»

«በሐዘን ቤት ነጭ አይለበስም፣ ሊኑ።»

«ታማ አገር ለቀብርም ይለበሳል።»

ረታ ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ ሰው ነው፤ ልጅ ሲያርመው አይከፋውም። ያሳሰበው ድንኳኑ ነበር። «እዚህ ያለው ሰው ይህን አያውቅም። አባቷ በተቀበረ በሁለት ቀኑ ደገሰች ይላል። ለማንኛውም እናትሽን ጠይቂ።»

እሙዬ ፍራሽ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ከቀብር ከተመለሰች ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

«እማ» አለች ሊና። እግርጌዋ ተቀመጠች።

ለማንም ያልነገረችው ነገር ነበራት። ለበዓሉ የምትለውን በየዓመቱ የሚያዘጋጅላት አባቷ ነበር። አይጽፈውም፤ አመሻሽ ላይ ግቢው ውስጥ እየተራመደ በቃል ያስጠናታል፤ መጀመሪያ በሳሞአኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። «ሰው ቁጭ ብሎ አልገባኝም ካለ፣ ጥሩ አይደለም» ይላል። የዘንድሮው ስለ አገሩና ስለ ዘመዶቹ ነበር። ረቡዕ ማታ ከመጨረሻው ደረሱ።

«የመጨረሻው የኔ ነው» አላት። «እኔ ሰባት ዓመት፣ ነጭ ሱሪ፣ ቆምኩ። አንድ ነገር ተናገርኩ። ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ሳቀ።»

«ምን አልክ?»

«ቅዳሜ እነግርሻለሁ።»

በማግስቱ ወደ ኢታንግ ሄደ።

እሑድ ረፋድ ላይ የሰፈሩ ልጆች ነጭ ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ማንም አልጠራቸውም፤ ቀኑን ቶሚ ቀድሞ ነግሯቸዋል። ከፊት የቆመችው የባለሱቁ ልጅ ሪድዋና የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች።

«አንቺ ደግሞ ሙስሊም አይደለሽም እንዴ?» አላት አንዱ ካርታ ተጫዋች።

«ነኝ። እኔ የምመጣው ለዓሣው ነው» አለች። «ቶሚ ጥቅስ ካልፈለግሽ በሳሞአኛ ቁጠሪ ብሎኛል። ታሲ፣ ሉዋ፣ ቶሉ…»

ከኋላቸው ኦቻላ አንድ ጆንያ ጎደሬ ተሸክሞ፣ በሌላው እጁ የባሮ ዓሣ አንጠልጥሎ ገባ። ረታ ወደሱ ሄደ።

«አንተም ኦቻላ?»

«በየዓመቱ የማመጣው እኔ ነኝ። ቀርቷል ያለኝ የለም።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ልጆቹን ከበር መለሳቸው ይላል፣ መምህር።»

ረታ ድንኳኑን አየ፤ ቀጥሎ ልጆቹን አየ። «ግቡ» አለ።

ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወጡ። የቀሩት ካርታቸውን ሰበሰቡ። ጎረቤታቸው ኛሩዋይ ሴቶቹን አስተባብራ ጎደሬውን ቀቀለች፣ ዓሣውን ጠበሰች። ሲደርስ ልጆቹ ተራ በተራ ቆሙ። አንዱ መዝሙረ ዳዊት አለ፣ አንዱ በኑዌርኛ ዘመረ፣ ሪድዋና እስከ አሥር ቆጠረች። በመጨረሻ ሊና ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። አንዱን ዐረፍተ ነገር በአባቷ ቋንቋ እያለች፣ ያንኑ በአማርኛ እየደገመች ቀጠለች።

«የአያቴ መንደር ከባሕሩ አጠገብ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ነው። ማታ ሲመታ መንገደኛው ይቆማል፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ ይዘምራል፣ ይጸልያል። አያቴ እሑድ እሑድ ነጭ ኮፍያ ታደርጋለች። አባቴ ሰባት ዓመት ሲሆነው በዚህ ቀን ቆመና…»

ያጠናችው እዚያ ድረስ ነበር።

ሽማግሌው ያበቃች መስሏቸው «አሜን» አሉ። ድንኳኑ ተቀበላቸው። ሴቶቹ ለልጆቹ ሊያቀርቡ ሳህኖቹን አነሡ።

«አላለቀም» አለች ሊና።

ሳህኖቹ በሴቶቹ እጅ ላይ ቀሩ። ልጆቹ አልተንቀሳቀሱም፤ የመጨረሻው ልጅ ሳይጨርስ እንደማይበላ ያውቃሉ።

«ይበቃል፣ ሊኑ» አለ ረታ በቀስታ።

«አላለቀም፣ ጋሼ።»

እዚያ ከተሰበሰበው ሰው የጎደለውን ሊነግራት የሚችል አልነበረም። ልጅቷ እጆቿን ከጎኗ አውርዳ እንደቆመች ነው። ካልጨረሰች አትቀመጥም፤ መጨረሻውን ደግሞ አታውቀውም።

እሙዬ የቤቱ ደጃፍ ላይ ታየች። ግድግዳውን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ በባዶ እግሯ ግቢውን አቋርጣ መጣችና ልጇ ፊት ቁጢጥ አለች።

«እሱ የነገረሽ እስከዚህ ነው?»

«እስከዚህ ነው። ቀሪውን ቅዳሜ ብሎኝ ነበር።»

«እንግዲያው እስከዚህ ነው» አለች እሙዬ።

ሊና በእሺታ ራሷን ነቀነቀችና ሄዳ ከልጆቹ ጫፍ ተቀመጠች።

እሙዬ ተነሥታ የእጅ ማስታጠቢያውን ከኛሩዋይ ተቀበለች። ከሪድዋና ጀምራ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ፣ የልጆቹን እጅ አንድ በአንድ አስታጠበች። ሊና ጋ ስትደርስም እንደዚያው አደረገች። የልጅቷ እጅ ከጸዳ በኋላ ግን ጆጉን ቀና አላደረገችውም፤ ውሃው በትንንሾቹ ጣቶች ላይ መውረዱን ቀጠለ፣ ሊናም እጇን አልሰበሰበችም።