ታጥቦ የሚመለሰው የምሳ ዕቃ

የልጇ የምሳ ዕቃ ዛሬም ታጥቦ ተመለሰ። እናት ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው፤ ሳሙና ብቻ ይሸታል። ጠዋት የሞላችው ምስርና ቀይ ሥር ዱካ እንኳ አልተወም። የወጥ ቤቱን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ታጥቦ የሚመለስ የምሳ ዕቃ ታውቃለች።

በሆስፒታል የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለታማሚ ስለ አንጀት ስትናገር ኖራለች። "ጥራጥሬና አትክልት ብሉ፤ በውስጣቸው ያለው አሰር አንጀት ያጸዳል። ውኃ ጠጡ። ደም ካያችሁ አትደብቁ።" ለባሏም ይህንኑ ምክር በየጠዋቱ በምሳ ዕቃ እየሞላች ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት ትልከው ነበር። ዕቃው ማታ ታጥቦ ይመጣል። ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ አለቅልቆ የማያውቅ ሰው የምሳ ዕቃ ሲያጥብ፣ ፍቅር መስሏት ነበር።

"ሆድህ እንዴት ነው?" ስትለው፣ "እንደ ሰዓት!" ይላል።

ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የበሳ ቀንም "ቅጠል እያበላሽኝ ፍየል ልታደርጊኝ ነው" ብሎ አሳቃት። ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ከአንጀቱ አልፎ ጉበቱ ደርሶ ነበር።

ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን የማተሚያ ቤቱ ጥበቃ ሊያስተዛዝን መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣

"እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ። ስድስት ዓመት ምሳዎን የበላሁት እኔ ነኝ" አላት። "እሳቸው 'ሆዴን ይነፋኛል፣ አንተ ብላው፤ እሷ እንዳይከፋት' ይሉና ሻይ በዳቦ ይቀምሳሉ። እኔ ግን ይኸው፣ ሆዴ እንደ ሰዓት ነው! ዕቃውንም አንድ ቀን ሳላጥብ መልሼ አላውቅም።"

ደግ ሰው ነው፤ ያጽናናት መስሎታል። ሻይ ጨመረችለት። ባሏ ስድስት ዓመት የመለሰላት መልስ እንኳ የሌላ ሰው ሆድ መልስ እንደነበር የገባት ያኔ ነው።

አሁን ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ልብስ ስፌት ቤት ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

"እማዬ፣ ምሳው ግሩም ነበር።"

"ሆድሽስ እንዴት ነው?"

"ኧረ እንደ ሰዓት!"

እናት ቀና አለች። ከልጇ ትከሻ ኋላ፣ በሩ ላይ፣ ሌላ ሰው ቆሞ የተናገረ መሰላት። ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ማነው የሚያጥበው?"

ልጅቷ ዓይኗን ዕቃው ላይ ተከለች።

"አልቆጣሽም፣ የኔ ልጅ። ምሳዬን ማን በላው?"

"ልብስ ተኳሿ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። "በጣም ወዳዋለች። ጎመን ጨምሩበት ብላለች።"

ሁለቱም ሊስቁ ነበር። ልጅቷ ግን ሜትሩን ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች።

"ስበላ ይቆርጠኛል። ደግሞ... ደም አየሁ። ወር አለፈው።"

"ወር?"

"እንዴት ብዬ ልንገርሽ? አባዬን ቀብረሽ ገና መቆም ስትጀምሪ!"

እናት ተነስታ ሜትሩን ከልጇ ጣት ላይ ፈታችው፤ ጣቷ ጫፉ ድረስ ቀልቶ ነበር።

"ነገ ሥራ አንገባም" አለች።

በሳምንቱ አንጀቷን በካሜራ ያየው ሐኪም ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አገኘና አወጣቸው። ውጤታቸው ሲመጣም አስጠራቸው። "ወደ ካንሰር ሳይለወጡ ደርሳችኋል። አባቷ በዚሁ ስለሞተ ግን በየጊዜው ትታይ። ጥሩ ምግብ ይረዳል፤ ምርመራን ግን አይተካም።"

ይህን እናትም ታውቀዋለች። ሌላ ጥያቄ ነበራት፤ የሚመለከተው ልጇን ሳይሆን ባሏን ነው፤ ምሳውን በልቶ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር? አፏ ድረስ መጣና ዋጠችው።

ከወር በኋላ አንድ ማታ ልጅቷ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ አለፈች። እናት ከፈተችው። ጥጉ ላይ ሦስት ፍሬ ምስር ደርቆ ተጣብቋል፤ ክዳኑ በቀይ ሥር ቀልቷል።

"ይቅርታ እማዬ፣ ሳላጥበው..."

"ተዪው! እንዳትነኪው።"

ቧንቧውን ሳትከፍት ዕቃውን እንደያዘች ቆመች። ከራሷ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የባሏ የምሳ ዕቃ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።