የኦርሊን ነጭ ልብስ

ቬልዳ ሊበርድ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። በዕድሜዋ ከባድ ውሸት የዋሸችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱንም በአፏ ሳይሆን በፎቶግራፍ። አሁን የእህቷ ልጅ ሳታማክራት የሰጠችው ያ ፎቶ ሰው አክሎ በእንግሊዟ ሌስተር ከተማ፣ በካሪቢያን ስደተኞች አዳራሽ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ከከተማችን ቀደምት ጥቁር ነርሶች አንዷ» ይላል።

ቬልዳ ነርስ ሆና አታውቅም። በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሃያ ስድስት ዓመት አንሶላ ስትቀቅል ነው የኖረችው። በሃያ አንድ ዓመቷ፣ በካሪቢያኗ ደሴት ኔቪስ ለቀረችው እናቷ ፎቶ ልትልክ ስትል፣ አንድ ክፍል ተከራይታ አብራት የምትኖረው ኦርሊን ሃንሌ የነርስ ልብሷን ደረቱ ላይ ከሚንጠለጠለው ሰዓት ጋር አዋሰቻት። ያኔ ሁሉም እንዲያ ነበር፤ በተዋሰው ካፖርት ፎቶ ተነሥቶ ወደ ደሴቱ ይልካል። በሰው ወርቅ አይደምቁም የሚል ሰው እስቲ በዚያ ብርድ ይሰደድና ያውራ! እናትየው «ነርሷ ልጄ» እያለች ስትኮራ ኖራ ሞተች።

በፎቶ ኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ቀን የኦርሊን ልጅ ማርቫ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችና፣ «የኔ እናት የለችም እንዴ?» አለች።

አዘጋጇ ጄኒስ፣ «ፎቶ መቼ አመጣሽ?» አለቻት።

«ከየት አባቴ ላምጣ! ወላጅ የላት፣ ለማን ልትልክ ትነሣ?»

ቬልዳ ብትናገር የእናቷ ኩራት ሊፈርስ ነው። ዝም ብትል ደግሞ እውነተኛዋ ነርስ እንዳልነበረች ልትቀር ነው።

«ማርቫ፣ ነይ እስቲ። ይቺን ሰዓት ታውቂያታለሽ?»

ማርቫ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። «የእማዬ ናት! እኔ ቤት አለች።»

«ልብሱም የሷ ነው። ነርሷ እሷ ናት፤ እኔ አጣቢ ነኝ።»

ጄኒስ ደነገጠች። «አንቲ ቬልዳ፣ ቀስ ይበሉ፣ ጋዜጠኛ አለ!»

«ይጻፈዋ!»

ሽማግሌው ኤግበርት ከወንበሩ ሆኖ፣ «እኔም ተደግፌ ፎቶ የተነሣሁት መኪና የቄሱ ነበር!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቬልዳ ግን አልሳቀችም።

«እና ይውረድ?» አለች ጄኒስ።

«አይወርድም። የኦርሊንን ስም ከነማዕረጓ ከላይ ጻፊ። የኔን ከሥር።»

ጄኒስ ወረቀት ቆርጣ ጻፈችና ለጠፈችው፦ «ልብሱ የነርስ ኦርሊን ሃንሌ። የለበሰችው ቬልዳ ሊበርድ፣ አጣቢ።»

ቬልዳ ለእናቷ በላከቻቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ጽፋት አታውቅም። ጮክ ብላ አነበበቻት፤ ከዚያም «እማዬ፣ ይኸው» ብላ አለቀሰች።