አልኮል ያጠፋው ቁጥር

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ከማተሚያው ላይ ሳይቀዘቅዝ ነጥቀው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉት።

"ተመልከቺ! አንደኛው መንገድ ሲዘጋ ፕሮቲኑ ወደ ሲሶ ወረደ። ሁለተኛው ሲዘጋ ንቅንቅ የለም! ሦስት ዓመት የለፋነው ለዚህ ነው።"

"አዎ ፕሮፌሰር" አለች ሚዛን። ይህ ስም የወጣላት የቤተ ሙከራውን ዱቄት ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ስለምትመዝን ነው። ዛሬ ስድብ መሰላት።

ጥያቄው ለማስረዳት ቀላል ነው። ከውጭ የመጣ መልእክት የአጥንት ሴል ላይ ይደርሳል፤ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል እየተቀባበለ እስከ ኒውክለሱ ይዘልቅና ኦስቲዮካልሲን የሚባለው የአጥንት ፕሮቲን እንዲሠራ ያዛል። የሚሄድባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ትእዛዙን የሚያደርሰው የትኛው ነው? ለማወቅ በአንዱ ሳህን ሴሎች ላይ አንደኛውን መንገድ የሚዘጋ መድኃኒት፣ በሌላው ላይ ሁለተኛውን የሚዘጋ ጨምሮ መጠበቅ ነው።

ጥናቱ የሚዛን አልነበረም። የጥናቱ ባለቤት የሆነችው ጓደኛዋ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች መድኃኒቶቹን እንዳትነካ ተከልክላ ነበር። "እኔ ምን ልሠራ ነው ያለሁት?" ብላ ሚዛን ሥራውን ተቀበለቻት። ሳህኖቹን ወደ ማሞቂያው ሳጥን ከማስገባቷ በፊት እንደ ልማዷ ክዳናቸውን በአልኮል ጠረገች። በክዳኖቹ ላይ የጻፈችው 1 እና 2 ከጨርቁ ጋር ተነሣ። ከፊቷ ሁለት አንድ ዓይነት ሳህኖች ቀሩ። በግራ ያለው 1 ነበር ብላ እንደገና ጻፈች፤ ለማንም አልተናገረችም።

ፕሮፌሰሩ እንደወጡ ጓደኛዋ ሆዷን አስቀድማ ገባች።

"ሰማሁ! ነይ ልሳምሽ። ቆይ፣ ሆዴ አያስደርሰኝም፤ አንቺ ጎንበስ በይ።"

ሚዛን አልጎነበሰችም። ሁሉንም ነገረቻት። ጓደኛዋ ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

"ማን አየሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ግራው አንድ ነበር ካልሽ አንድ ነው። አንቺ እኮ ሚዛን ነሽ!"

"ስልኬን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ እየተጨቃጨቅኩ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? አላውቅም።"

"አላውቅም የሚባለው ዛሬ ነው እንዴ? ሰኞ እኮ ነው የመመረቂያ ፈተናዬ! እንደገና ይሠራ ከተባለ ስድስት ሳምንት ነው። ይሄ ልጅ ስድስት ሳምንት ቆሞ ይጠብቀኛል?"

"አይጠብቅሽም።"

"እና?"

 ጥፋቱ የሚዛን፣ ስድስት ሳምንቱ የሌላ ሰው። ይቅርታ ማለት አሳፈራት፤ በቃል ብቻ መገላገል መሰላት። ፕሮፌሰሩ ከሰዓት በኋላ እያነበቡ የሚፈርሙበትን የሥራ መዝገብ ከመደርደሪያው አውርዳ የዚያን ቀን ገጽ ገለጠች።

"ተይ፣ በናትሽ" አለቻት ጓደኛዋ።

"የሁለቱ ሳህኖች ቁጥር በአልኮል ስለጠፋ ከትውስታ እንደገና ተጻፈ" ብላ ሚዛን ጻፈች። እስክሪብቶዋን አነሣች። "ከትውስታ" የሚለው ጨዋ ቃል ነበር። ሚዛን አስታውሳለሁ ካለች ፕሮፌሰሩ አምነው ይፈርማሉ፤ ሰኞም በሰላም ታልፋለች።

ጓደኛዋም ያንን ቃል ከጎኗ አንብባ ትንፋሿን ለቀቀች።

በመዝገብ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። ሚዛን "ከትውስታ" የሚለውን እንዲነበብ አድርጋ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከላዩ "በግምት" ብላ ጻፈችና ፈረመች።